ነፋሱ የጠፋበት ቀን

የታሪክ ዓምዳችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድንበር ነው። ዛሬ ግን የአንድ ነፋስ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ይህ ነፋስ ቅጠል አያወዛውዝም፤ አቧራ አያስነሳም፤ ሸራም አይገነጥልም። ከፀሐይ ተነስቶ ሌት ተቀን በምድራችን ዙሪያ ያልፋል። ሰው ግን ሳያቋርጥ የሚነፍስ መሆኑን በመሣሪያ ለክቶ ያረጋገጠው በ1962 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ ለይተን እንናገራለን።)

በዚህ ነፋስ ታሪክ ውስጥ ሁለት እንግዳ የሆኑ ቀኖች አሉ። አንደኛው ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 ነው፤ በኛ ጥር 16 ቀን 1978 ዓ.ም.። ሁለተኛው ሜይ 11 ቀን 1999 ነው፤ በኛ ግንቦት 3 ቀን 1991 ዓ.ም.። የመጀመሪያው ቀን ሳይንቲስቶችን ለ38 ዓመት አሳሳተ። ሁለተኛው ግን ትልቅ ትምህርት ሰጠ። ሁለቱም ቀኖች ከተለመደው የወጡ ነበሩ። ታዲያ አንዱ ለምን አሳሳተ፣ ሌላው ለምን አስተማረ? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። መልሱ ከሰማዩ አልፎ ለኛም ለመምህራን የሚሆን ነገር አለው ብለን እናምናለን።

የፀሐይ ነፋስ ምንድን ነው?

ፀሐይ ከሩቅ ስናያት የረጋች የብርሃን ኳስ ትመስላለች። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ግን በዙሪያዋ ነጭ አክሊል የሚመስል ነገር ይታያል። ይህ የውጭ ሽፋኗ ነው፤ ኮሮና ይባላል። ሙቀቱ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ ይበልጣል። በዚህ ሙቀት አተሞች ተሰባብረው ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ለየብቻ ይሆናሉ። እንዲህ ኤሌክትሪክ የተሸከመው ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። የፀሐይ ስበት ጠቅልሎ ሊይዘው ስለማይችል በየአቅጣጫው ይፈስሳል። የፀሐይ ነፋስ የምንለው ይህንን ነው።

ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ከፀሐይ ምድር ለመድረስ አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በጣም የሳሳም ነው። ምድር አጠገብ ሲደርስ በአንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ፕሮቶን ብቻ ይገኛል። የምንተነፍሰው አየር በዚያችው ቦታ ውስጥ በቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች አሉት። እንዲህ የሳሳ ነገር ምን ሊሠራ ይችላል ያሰኛል፤ ነገር ግን ብዙ ይሠራል።

ምድራችን ትልቅ ማግኔት ናት። መግነጢሳዊ መስኳም ወደ ጠፈር ይዘረጋል። የፀሐይ ነፋስ ከዚህ መስክ ጋር ሲጋጠም የሚሆነውን ለመረዳት በመጠለያችን ላይ የተወጠረውን ሸራ ማየት ይበቃል። ነፋሱ በመጣበት በኩል ሸራው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በስተጀርባ ደግሞ ይነፋና ይርገበገባል። የምድር መስክም እንዲሁ በፀሐይ በኩል ተገፍቶ ወደ 65,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። በሌሊቱ በኩል ግን ጅራት አውጥቶ ከጨረቃ ምህዋር አልፎ ይዘረጋል። ይህ ሁሉ ክልል ማግኔቶስፌር ይባላል። ከፊቱ ደግሞ በወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ፊት ለፊት ውኃው እንደሚቆለል ሁሉ፣ ነፋሱ በድንገት ፍጥነቱን የሚቀንስበት ግንባር አለ። ይህ ግንባር በተለመደው ቀን ከምድር 90,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

እንግዲህ መስኩ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ነፋሱ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ድንበሩ የሚቆመው ሁለቱ ግፊቶች እኩል በሚሆኑበት ቦታ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ድንበሩ ወደ ምድር ይጠጋል፤ ሲዳከም ይርቃል። ጅራቱ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል በድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ኤሌክትሮኖች ወደ ዋልታዎቹ ይወርዳሉ። እዚያም ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ሰማዩ አረንጓዴ፣ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። ይህ የዋልታ ብርሃን ኦሮራ ይባላል። እኛ በምንኖርበት በምድር ወገብ አካባቢ ብዙ ሰው በዓይኑ አይቶት አያውቅም። በኖርዌይና በስዊድን ሰሜን ግን የክረምት ሌሊት እንግዳ ነው።

የመርፌዋ ምስክርነት

የነፋሱ ታሪክ የሚጀምረው ከነፋሱ አይደለም፤ ከአንዲት የማግኔት መርፌ ነው። በ1741 በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ ኦሎፍ ሂዮርተር የሚባል ሰው፣ የሙቀት መለኪያው በስሙ ከሚጠራው ከአንደርስ ሴልሺየስ ጋር ሆኖ የኮምፓስ መርፌን አቀማመጥ ሌት ተቀን ይመዘግብ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ንባብ ጻፈ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ መርፌዋ አብዛኛውን ጊዜ ከቦታዋ ብዙም አትነቃነቅም። ኦሮራ በሰማይ በታየ ሌሊት ግን መርፌዋ ስትዋዥቅ አየ። ሰማይ ላይ ያለው ብርሃንና ጠረጴዛ ላይ ያለችው መርፌ የተያያዙ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው። ልብ በሉ፦ ሂዮርተር የመርፌዋን የዘወትር ሁኔታ ባይመዘግብ ኖሮ የዚያን ሌሊቱን መዋዠቅ ከምን ጋር ያነጻጽረው ነበር?

በሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን የፀሐይን ነጠብጣቦች ሲስል ድንገት ከነጠብጣቦቹ መካከል ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ፈነዳ። 18 ሰዓት ሳይሞላ በምድር ላይ ታላቅ መግነጢሳዊ ማዕበል ተነሳ። ኦሮራ እስከ ኩባ ድረስ ታየ። የቴሌግራፍ ሠራተኞች በሽቦው በመጣ ኤሌክትሪክ ተመቱ። በአሜሪካ ባትሪያቸውን አላቅቀው ከሰማይ በመጣው ኤሌክትሪክ ብቻ መልእክት የተለዋወጡም ነበሩ። ካሪንግተን ግን በአንድ ቀን አጋጣሚ ብቻ ፀሐይ ነች ያደረገችው ብሎ ለመደምደም አልቸኮለም። ይህንን ጥንቃቄውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ኖርዌያዊው ክሪስቲያን ቢርክላንድ መጣ። በ1899 በሰሜን ኖርዌይ በሃልደ ተራራ ላይ በብርድና በንፋስ መካከል ጣቢያ አሠርቶ ኦሮራን አጠና። በኋላም አየር በወጣለት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ማግኔት የያዘች ትንሽ ኳስ አስቀምጦ የኤሌክትሮን ጨረር ለቀቀባት። በኳሷ ዋልታዎች ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ታየ። ስለዚህ ኦሮራ የሚመጣው ከፀሐይ በሚወረወሩ ቅንጣቶች ነው አለ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በ1917 ሲሞት ክርክሩ ገና አልተቋጨም ነበር።

ያልታመነው ጽሑፍ

በ1951 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቢርማን ስለ ጅራታም ኮከቦች ሲያስብ አንድ ነገር ገረመው። የጅራታም ኮከብ የጋዝ ጅራት ኮከቡ ወደየትም ቢሄድ ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚዘረጋው። የፀሐይ ብርሃን ብቻውን ይህን ያህል ሊገፋው አይችልም። ስለዚህ ከፀሐይ በየአቅጣጫው፣ በየጊዜው የሚፈስስ የቅንጣት ጅረት መኖር አለበት አለ።

በ1958 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ዩጂን ፓርከር ይህንን በሒሳብ አሳየ። ዕድሜው ገና 30 ዓመት ገደማ ነበር። ኮሮና ይህን ያህል ከሞቀ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም፤ ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ውጭ መፍሰስ አለበት አለ። ጽሑፉን እንዲገመግሙ የተሰጣቸው ሁለት ባለሙያዎች መታተም የለበትም አሉ። የመጽሔቱ አዘጋጅ የነበረው ሕንድ ተወላጁ ሱብራማንያን ቻንድራሴካር እሱ ራሱ ሐሳቡን አልወደደውም። ሆኖም በሒሳቡ ላይ ስሕተት የሚያሳየው ሰው ስላጣ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ትቶ አተመው። ይህ ሰው በ1983 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ እኛ ግን የማይወደውን ሐሳብ እንዲታተም ማድረጉንም ከትልልቅ ሥራዎቹ ጋር እንቆጥርለታለን።

ማረጋገጫው ለመምጣት ብዙ አልቆየም። በ1959 የሶቪየት ሉና መንኮራኩሮች የነፋሱን ምልክት አገኙ። በ1962 ደግሞ ወደ ቬነስ ትጓዝ የነበረችው የአሜሪካዋ ማሪነር 2 ለሦስት ወር ያህል ስትለካ ነፋሱ አንድም ቀን አላቋረጠም። ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር እንጂ መንፈሱን አልተወም። ከ2018 ጀምሮ ወደ ፀሐይ የተላከችው መንኮራኩር በፓርከር ስም ተሰይማለች። እሱም በ91 ዓመቱ ስትወነጨፍ ቆሞ ለማየት በቅቷል። በ2022 አረፈ።

1986፦ አንድ ቀን ብቻ የታየችው ዩራነስ

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀናችን ደረስን። በ1977 የተወነጨፈችው ቮዬጀር 2 መንኮራኩር በጃንዋሪ 24 ቀን 1986 በዩራነስ አጠገብ አለፈች። ከዚያ በፊት ወደ ዩራነስ የሄደ መንኮራኩር አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም የሄደ የለም። በቅርብ ያየቻትም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

ያየችው ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር። የዩራነስ መግነጢሳዊ ዘንግ ከምትሽከረከርበት ዘንግ 59 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። በዙሪያዋ እጅግ ኃይለኛ የኤሌክትሮን ቀበቶ አለ። ነገር ግን ለዚህ ቀበቶ መነሻ መሆን የሚገባው ፕላዝማ ከማግኔቶስፌሯ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጨረቃዎቿም ምንም ጋዝ የማያወጡ፣ የሞቱ የበረዶ ድንጋዮች መስለው ታዩ። ዩራነስ እንግዳ ፕላኔት ናት ተባለ፤ እንዲህ ተብሎም ተማሩት፣ አስተማሩትም።

በኖቬምበር 2024 ጄሚ ጃሲንስኪና ባልደረቦቹ ቮዬጀር 2 ከመድረሷ በፊት በነበሩት ቀናት የለካችውን የፀሐይ ነፋስ መዝገብ እንደገና አገላበጡት። መዝገቡ ለ38 ዓመት እዚያው ተቀምጦ ነበር። ያገኙት ምንድን ነው? ልክ መንኮራኩሯ ልትደርስ ስትል የነፋሱ ግፊት 20 እጥፍ ጨምሮ ነበር። የዩራነስ ማግኔቶስፌርም ተጨምቆ ከተለመደው ይዘቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቀርቶ ነበር። ፕላዝማው የጠፋው፣ ቀበቶውም ያን ያህል የበረታው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ሁኔታ የሚያጋጥመው ከመቶ አራት እጅ በሚሆነው ጊዜ ብቻ ነው። ቮዬጀር 2 አንድ ሳምንት ቀድማ ብትደርስ ኖሮ ሌላ ዩራነስ ታይ ነበር ማለት ነው። ጨረቃዎቿም ሞተዋል ብሎ መደምደም አይቻልም።

መንኮራኩሯ አልዋሸችም። መሣሪያዎቿም በትክክል ሠርተዋል። ስሕተቱ የአንዱን ቀን ሁኔታ የዘወትር ሁኔታ አድርጎ መውሰድ ነው።

1999፦ ነፋሱ ጠፋ

በሜይ 10 ቀን 1999 የተጀመረው ነገር የ1986ቱ ተቃራኒ ነው። በዚያን ጊዜ ምድር ዙሪያ ብዙ መንኮራኩሮች ነበሩ፤ ኤስና ዊንድ የሚባሉት የአሜሪካ፣ ኢንተርቦል የሩሲያ፣ ጂኦቴይል የጃፓን። የነፋሱ ጥግግት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። በሜይ 11 ከተለመደው ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ቀረ። በአንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር አንድ ፕሮቶን እንኳ አይገኝም ነበር። "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" እንደሚባለው፣ ሁልጊዜ ያለ ነገር ሥራው አይታይም፤ ሲጠፋ ነው የሚታወቀው።

ሸራውን የሚገፋው ነፋስ ሲቆም ሸራው ተመልሶ ይነፋ የለ? የምድር ማግኔቶስፌርም ተነፋ። መጠኑ ከተለመደው አምስት ስድስት እጥፍ ሆነ። ከፊቱ ያለው የነፋሱ ግንባር ደግሞ ከቦታው አራት እጥፍ ያህል ርቆ እስከ ጨረቃ ምህዋር አካባቢ ደረሰ። በሳተላይት እንዲህ ርቆ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው ግን በሰሜን ዋልታ ላይ የታየው ነው። ነፋሱ ከጠፋ ኦሮራም መጥፋት ነበረበት ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ፖላር የምትባለው ሳተላይት ግን የዋልታው አናት በሙሉ በኤክስሬይ ሲያበራ አየች። እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ ወዲህ ነው። ከሞቃቱ ኮሮና በጣም ፈጣን የሆኑ ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስመር ላይ ተከትለው ይመጣሉ። በሌላ ጊዜ እነዚህ ኤሌክትሮኖች በመንገድ ላይ ባለው ነፋስ ይበታተናሉ። በዚያን ቀን ግን የሚበትናቸው ስላልነበረ ከፀሐይ ተነስተው በቀጥታ ዋልታው ላይ ዘነቡ። ሳይንቲስቶቹም የዋልታ ዝናብ ይሉታል። ይህ ነገር ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ተገምቶ ነበር፤ ያን ቀን በዓይን ታየ።

ይህ ቀን ያስተማረው ለምንድን ነው? እንግዳ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የ1986ቱም እንግዳ ነበር። የ1999ኙ ያስተማረው ከዚያ በፊት ከ30 ዓመት በላይ የተለመዱ ቀኖች ተመዝግበው ስለነበር ነው። መለኪያ ስለነበረ ምን ያህል እንደጎደለ ታወቀ።

ነፋሱ እንደገና ሲጠፋ

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 25 ቀን 2022 (በኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.) ነፋሱ ዳግመኛ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ምድርና ማርስ በፀሐይ አንድ ወገን ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም ቀመሱት። ምክንያቱ እንደ መጥረጊያ ነው። ከፀሐይ የወጣ ፈጣን ነፋስ ከፊቱ ያለውን ዘገምተኛ ነፋስ ደርሶበት እየጠረገ ወደ ፊት ሲቆልለው፣ ከኋላው ባዶ ቦታ ይቀራል።

በስቫልባርድ ደሴቶች በሎንግየርቢየን ከተማ የነበረ ካሜራ በዚያ ሌሊት ሰማዩ በሙሉ ወጥ በሆነ አረንጓዴ ብርሃን ተሸፍኖ አነሳ። የዘወትሩ ኦሮራ እንደ መጋረጃ ይውለበለባል፤ ይህ ግን ለስላሳ ነበር፣ አይነቃነቅም። ስፋቱ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ጃፓናዊው ኬይሱኬ ሆሶካዋና ባልደረቦቹ በ2024 ባሳተሙት ጥናት ይህ በ1999 ከላይ የታየው የዋልታ ዝናብ እንደሆነ አስረዱ። ከምድር ሆኖ ይህን በግልጽ ለማየት የመጀመሪያው ነበር። የ1999ኙ መዝገብ ባይኖር ኖሮ የካሜራው ፎቶ ምን እንደሆነ ማን ይነግረን ነበር?

ማርስ ላይ የሆነውን ያየችው ከ2014 ጀምሮ ስታጠናት የቆየችው ሜቨን መንኮራኩር ናት። ማርስ እንደ ምድር ሙሉ መግነጢሳዊ መስክ የላትም፤ በዓለቶቿ ውስጥ የቀረ ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ የፀሐይ ነፋስ ከባቢ አየሯን በቀጥታ ይገፋዋል። ሜቨን በ2015 ያሳወቀችው ልኬት ማርስ በየሰከንዱ 100 ግራም ያህል አየር እንደምታጣ ያሳያል። ጥቂት ይመስላል፤ በቢሊዮን ዓመታት ስናባዛው ግን ፕላኔትን የሚያደርቅ ነው። በ2022 ነፋሱ ሲሳሳ ጥግግቱ ወደ አንድ መቶኛ ወረደ፤ የማርስም ማግኔቶስፌር ከሦስት እጥፍ በላይ ተነፋ። ሳይንቲስቶቹ ነፋስ የማይጫናት ማርስ ምን እንደምትመስል ለአንድ አፍታ ለማየት ዕድል አገኙ።

ነፋሱ ሲለወጥ ቅርጹም ጭምር ሊለወጥ ይችላል። በኤፕሪል 24 ቀን 2023 ከፀሐይ የተወረወረ ትልቅ የፕላዝማ ጎርፍ ምድር ላይ ሲደርስ የነፋሱ መግነጢሳዊ ኃይል ከግፊቱ በልጦ ነበር። ለሁለት ሰዓት ያህል በምድር ፊት ያለው ግንባር ጠፋ። አንድ የነበረው ጅራትም ሁለት ክንፍ ሆነ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ቅርጽ በደንብ የሚታወቀው በጁፒተር ጨረቃዎች ዘንድ ነበር።

የምድር ወገብ ድርሻ

ይህ ሁሉ የሰሜን አገሮች ታሪክ ነው እንዳትሉን፤ እኛም አካባቢ ድርሻ አለው። በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር በየአገሩ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ። ኢትዮጵያ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፍባት አገር ስለሆነች ቦታዋ ተፈላጊ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በፒየር ጉዋን መሪነት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ከ1958 ጀምሮም የምድርን መግነጢሳዊ መስክ መመዝገብ ጀመረ።

በኛ ሰማይ ኦሮራ ባይታይም በምድር ወገብ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ፀሐይ ስትናወጥ ይህም ይናወጣል። በማዕበል ጊዜ ደግሞ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው መስክ ደከም ይላል። ስለዚህ ብርሃኑ የሚታየው ዋልታ ላይ ቢሆንም መርፌዋ የምትናገረው አዲስ አበባም ነው። ያንን መዝገብ የያዙት ሰዎች መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ችግር ሲመጣ ሲሄድ፣ ተራውን ቀን እንደ ተራ ቀን እየጻፉ ነው የቆዩት።

ለኛ ምን ይነግረናል?

እኛ በካምፕ የምንኖር ሰዎች የ1986ቱን ስሕተት ከማንም በላይ እናውቀዋለን። እንግዳ መጥቶ ለአንድ ቀን ያየናል። የመጣው በራሽን ቀን ከሆነ የሰልፍ ካምፕ ያያል። በምረቃ ቀን ከሆነ የጭብጨባ ካምፕ ያያል። ጎርፍ በገባ ማግስት ከሆነ የጭቃና የለቅሶ ካምፕ ያያል። ያየውን ይጽፋል፤ ዋሸ አንልም። ነገር ግን ያቺን ቀን ከየትኛው ቀን ጋር አነጻጸራት? ብለን መጠየቅ እንችላለን። መልስ ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ እዚሁ የሚኖር፣ በየቀኑ የሚመዘግብ ሰው ብቻ ነው።

መምህራንም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም። አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና ወደቀ፤ ሰነፍ ነው አልነው። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ የታመመች እናቱን ሲያስታምም ያደረ እንደሆነስ? የአንድ ዓመት የስም መጥሪያና የደብተር መዝገብ ያለው መምህር ያቺ ቀን ከተለመደው የወጣች መሆኗን ያውቃል። መዝገብ የሌለው ግን ልጁን ለብዙ ዓመት ዩራነስ ያደርገዋል። የስም መጥሪያ መሙላት የቢሮ ሥራ ብቻ የሚመስለን ካለን፣ የሂዮርተርን መርፌ እናስታውስ። ካሪንግተንም በአንድ ቀን ብቻ አልፈርድም ማለቱ ለዚሁ ነበር።

ለክፍል ሥራ

1. የማግኔቶስፌር ይዘት የነፋሱ ግፊት ሲጨምር በግፊቱ ስኩዌር ሩት መጠን ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ በዚያው ልክ ይጨምራል። የ20ን ስኩዌር ሩት ፈልጉ። የዩራነስ ማግኔቶስፌር ስንት እጅ ቀረ? ከላይ ከተጻፈው አንድ አምስተኛ ጋር አነጻጽሩ።

2. በ1999 የነፋሱ ጥግግት ወደ አንድ ሃምሳኛ ወረደ። ፍጥነቱ አልተለወጠም ብለን ብናስብ በዚሁ ቀመር የምድር ማግኔቶስፌር ስንት እጥፍ ይሆናል? የተለካው አምስት ስድስት እጥፍ ነው። ቀመራችን ግምት ብቻ ስለሆነ መልሱ ትክክል ላይገጥም ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ተወያዩ።

3. በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ዘንግ ትከሉ። ለ30 ቀን በእኩለ ቀን የጥላውን ርዝመት ለኩና በደብተር ጻፉ። ከዚያ አንዱን ቀን ብቻ መርጣችሁ ለሌላ ክፍል ስጡ፤ ስለ ወሩ ምን ሊሉ እንደሚችሉ ጠይቋቸው። ሙሉውን መዝገብ ስታሳዩዋቸው ሐሳባቸው ይለወጣል?

ውጤታችሁን ጽፋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።